ለሞዴል ባቡር ጣቢያና ቤቶች የትኛውን ፎም እንግዛ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ባቡር የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የ392 ኪሎ ሜትር መስመር ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ድልድዩንም ዋሻውንም በዓይናችን አይተናል። ይህን መስመር አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ መሥራት የሚያምረው ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ባቡሩንና ሐዲዱን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ችግሩ ቤቶቹ ናቸው። በሳጥን ታሽገው የሚመጡት የፕላስቲክ ቤቶች በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ መንደሮች ናቸው። የደሴን የድንጋይ ቤት፣ የኮምቦልቻን መጋዘን፣ የገጠሩን ጭቃ ቤት ታሽጎ ሲሸጥ አላየሁም። እነዚህን ራሳችን ነን የምንሠራቸው። ለዚህ ደግሞ እንደ ፎም የሚመች ነገር የለም። ይቀላል፣ በከተር ይቆረጣል፣ ድንጋይም ብሎኬትም መምሰል ይችላል።

ግን «ፎም» ብላችሁ ስትጠይቁ አራት የተለያየ ዕቃ ሊመጣላችሁ ይችላል። ልዩነታቸውን ሳያውቁ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የመጀመሪያው ነጩ ፎም ነው፤ ኢፒኤስ ይባላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣው፣ የሠርግ ዲኮር ሠሪዎችም ፊደልና አበባ የሚቆርጡበት። ሁለተኛው በሁለት ወረቀት መሃል የተጣበቀው ፎም ቦርድ ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሞዴል የሚሠሩበት ስለሆነ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጠይቁ። ሦስተኛው ኤክስፒኤስ ነው። ይኼኛው ደንደን ያለ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ነው፤ ለግንባታ ሙቀት መከላከያነት ይመረታል። አራተኛው የፒቪሲ ፎም ነው፤ ማስታወቂያ ቤቶች ታፔላ የሚሠሩበት ጠንካራ ነጭ ሰሌዳ።

የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለኝም። ምክንያቱም ፎም የሚመረጠው በዋጋው ሳይሆን በምትሠሩት ግድግዳ ነው። የድንጋይ ግድግዳና የብሎኬት ግድግዳ አንድ ዓይነት ፎም አይፈልጉም።

መጀመሪያ መጠኑን ወስኑ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠን ኤችኦ ነው፤ 1 ለ87፣ ማለትም እውነተኛው ዕቃ 87 ጊዜ አንሶ። መደበኛው 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ፣ የኮምቦልቻውም ይኸው ነው፣ በዚህ መጠን 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኤን የሚባለው ደግሞ 1 ለ160 ነው፤ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ። የድሮውን የጅቡቲ ባቡር መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ይለያል። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበረ በኤችኦ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ከፎም ጋር ምን አገናኘው? ውፍረቱን የሚወስነው ይኸው ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ በኤችኦ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ፎም ቦርድ ያለ ምንም ጣጣ ይገጥማል። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው የብሎኬት ግድግዳ ግን 2.3 ሚሊ ሜትር ነው። እሱን በ5 ሚሊ ሜትር ፎም ከሠራችሁት በመስኮቱ በኩል ውፍረቱ ይታያል። ቤቱ ምሽግ ይመስላል። ለእሱ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይሻላል።

የድንጋይ ግድግዳ፦ ኤክስፒኤስ ወይስ ፎም ቦርድ?

ፉክክሩ እዚህ ላይ ነው፤ የፎም ውበት የሚታየውም እዚሁ ነው።

ኤክስፒኤስ የውስጥ ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንና እኩል ስለሆኑ የጫናችሁበትን መስመር ጥርት አድርጎ ይይዛል። ጫፉ ደነዝ ያለ እርሳስ ወይም ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ይበቃል። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን የስሚንቶ መስመር እየተጫናችሁ ትስላላችሁ። ከዚያ የአሉሚኒየም ፎይል ጨብጣችሁ ታድቦለብሉትና ፊቱን ትጠቀጥቁታላችሁ። ልሙጡ ፎም ወዲያው የድንጋይ ሸካራነት ያወጣል። አንዳንዱን ድንጋይ በጣት ገፋ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ብታስገቡት ደግሞ ግንቡ ዕድሜ ያገኛል። ይህን ሥራ ከኤክስፒኤስ እኩል የሚሠራ ፎም የለም። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ወፍራም ሆኖ መምጣቱ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሰሌዳ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ለመሰንጠቅ የጋለ ሽቦ ያለው መቁረጫ ያስፈልጋል። በከተር ብቻ እኩል አይወጣም።

ፎም ቦርዱ ይህ ችግር የለበትም፤ ቀድሞውኑ ስስ ነው። በአንድ በኩል ያለውን ወረቀት ለብ ባለ ውሃ አርጥባችሁ ትልጡታላችሁ፤ ድንጋዩን የምትስሉት በተላጠው ፊት ላይ ነው። አንዳንዱ ወረቀቱን አልለቅም ይላል፤ እሱን ለውስጥ ክፍልፋይ አድርጉት። ዋና ጠላቱ እርጥበት ነው። አንድ ፊቱ ከተላጠ በኋላ ኮላና ቀለም ሲነካው ይቆለመማል፤ በደሴ ክረምት ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከውስጥ በኩል በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የፎም ድጋፍ ለጥፉ፤ ማዕዘኖቹንም አትርሱ።

የእኔ ፍርድ ይኼ ነው። አንድ ጣቢያና ሁለት ሦስት ቤት ብቻ ለሚሠራ ሰው ፎም ቦርዱ ከበቂ በላይ ነው። ሙሉ መንደር ከነድጋፍ ግንቡና ከነድልድዩ ላሰበ ግን ኤክስፒኤሱን ፈልጎ ማግኘት ይገባዋል።

ቀለሙ ላይም ትንሽ ልቆይ፤ ግድግዳው ድንጋይ የሚሆነው እዚያ ነው። መጀመሪያ ጥቁር ቀለም በኮላ ደባልቃችሁ ሁሉንም ቀቡት፤ ፎሙን ያጠነክረዋል። ከላይ ግራጫ። የወሎ ተራራ አለቱ በአብዛኛው ባዛልት ስለሆነ ግራጫው ጠቆር ቢል ነው የሚያሳምነው። አንዱን ድንጋይ ወደ ቡኒ፣ ሌላውን ወደ አረንጓዴ ትንሽ አድሉት። በመጨረሻ ብሩሹን በደንብ ጠራርጋችሁ፣ ደረቅ ሲል በነጣ ግራጫ ጠርዞቹን ብቻ ዳስሱ። ከግድግዳው ሥር ዝናብ የረጨው የጭቃ ቀለም ካልገባ ቤቱ መሬት የነካ አይመስልም።

ብሎኬትና ልስን፦ ፒቪሲ

እዚህ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብሎኬት ፊት በኤችኦ 4.6 በ2.3 ሚሊ ሜትር ነው። በኤን ደግሞ 2.5 በ1.25 ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር በሹል ነገር ሲጫር ፒቪሲ ሳይፈርስ ይይዛል። ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ ለተለሰነ ግድግዳም እንዳለ ይሠራል። የመስኮት ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ እርጥበትም አይጎዳውም። በኤን መጠን ለምትሠሩ ሁሉ ምርጫዬ ይኼ ነው፤ ለድንጋዩም ጭምር። ሙሉ ሰሌዳ አትግዙ። ማስታወቂያ ቤቶች ቁራጭ ይተርፋቸዋል፤ ለእናንተ ቤት ቁራጩ ይበቃል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፒቪሲን በጋለ ሽቦ በጭራሽ አትቁረጡ። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ሌሎቹን ፎሞች በጋለ ሽቦ ስትቆርጡም መስኮትና በር ክፈቱ።

ጭቃ ቤት፦ የተናቀው ነጭ ፎም

ነጩ ፎም ለድንጋይና ለብሎኬት አይሆንም። እንክብሎቹ ይፈረፈራሉ፤ መስመር ስትስሉበት ይቦጨቃል። ለጭቃ ቤት ግን ከሁሉም እሱን አስቀድማለሁ። ምርግ ሻካራና ወጣ ገባ ነው። ነጩን ፎም በኮላ ቀብታችሁ፣ በላዩ ስቱኮ በቀጭኑ ለቅልቁ፤ ሳይደርቅ በደንብ የተነፋ አፈር ነስንሱበት። የእውነት አፈር ስለሆነ ቀለሙ አይዋሽም። እዚያም እዚያም ምርጉን ፋቅ አድርጋችሁ የስቴኪኒ ቁራጭ ብታስገቡ የግድግዳው እንጨት ይሆናል።

ለተራራም ከእሱ የተሻለ የለም። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደረስ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር ይበልጣል። በኤችኦ ልክ ቢሠራ 7 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጠይቃል። ማንም ቤቱ ውስጥ ይህን ስለማያቆም ታሳጥሩታላችሁ። የፍሪጅ ማሸጊያ ደራርቦ መጥረብ ግን ምንም አያስወጣም።

ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ የምለው አጭር ነው፦ ከፎም አትሥሩት። የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ በኤችኦ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ፎም ይህን አያወጣም። ከምግብ መያዣ ፎይል ቁረጡና ሞገድ ባለው ነገር ላይ በእርሳስ ጫፍ እያሻችሁ አውጡት።

ሙጫና ቀለም ስትገዙ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። ነጩ ፎም፣ ኤክስፒኤስና አብዛኛው ፎም ቦርድ ውስጣቸው ፖሊስታይሪን ነው። ማስቲሽ፣ ሱፐር ግሉ፣ የስፕሬይ ቀለምና አሴቶን ያቀልጧቸዋል። ለእነሱ ኮላና በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ ግዙ። ፒቪሲ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኮላ በደንብ አይዘውም፣ ሱፐር ግሉ ግን ጥብቅ አድርጎ ያጣብቀዋል። ፒቪሲን ከእነሱ ጋር አንድ ቤት ላይ የምታገናኙ ከሆነ ሱፐር ግሉ እነሱን ስለሚያቀልጥ መጋጠሚያውን በኮላ አድርጉና አንድ ሌሊት ሙሉ አስራችሁ አሳድሩት።

ሱቅ ውስጥ ስትመርጡ ጥግ ላይ በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ባለሱቁ ከፈቀደ። ምልክቱ ጥርት ብሎ ከቀረ ለመሳል ይሆናል። ተመልሶ ካበጠ ድንጋያችሁም ነገ ይጠፋል፤ አትግዙት። እንክብል እየሆነ ከተፈረፈረ ነጩ ፎም ነው፣ ምንም ቀለም ቢቀባ። ሰሌዳውን ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በጠርዙ በኩል እዩት፤ ከሱቁ ተቆልምሞ የመጣ ፎም ቦርድ ቤት ሲገባ አይቃናም።

የከተር ምላጭም አብራችሁ ግዙ፤ አንድ ሳይሆን አንድ ፓኬት። ፎም ምላጭ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። ጫፉ መጎተት ሲጀምር ሰብራችሁ ጣሉት።