የእጅ አንጓ ኤምአርአይ፦ መቼ ዋጋውን ያወጣል?

ሰው ተንሸራትቶ ሲወድቅ መሬቱን የሚቀበለው በመዳፉ ነው። ራጅ ይነሳል፤ «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» ይባልና ማስታገሻ ይታዘዝለታል። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲገትር ግን ሥሩ ላይ በሚወጠሩት ሁለት ጅማቶች መካከል ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ስትጫን ያመዋል። ከዚያ ሥር ያለው ስካፎይድ ነው፤ ከስምንቱ የአንጓ አጥንቶች ብዙ ጊዜ የሚሰበረው። የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ገንዘቡ የሚገባው ለዚህ ሰው ነው። ስብራቱ ራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ለታየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው፤ የተሰበረው ምን ያህል እንደተዛነፈ ለማየትና ለቀዶ ሕክምና ለመዘጋጀት ሲቲ ስካን ይሻላል።

የመጀመሪያው ራጅ ከስካፎይድ ስብራቶች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ሊስት ይችላል። የቆየው አሠራር ተጠርጣሪውን ሁሉ ጀሶ አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ራጁን መድገም ነው። ችግሩ አብዛኞቹ ተጠርጣሪዎች ስብራት የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ሁለት ሳምንት በከንቱ ታስረው ከሥራ ውጭ ይውላሉ። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በሚገባ ተመርምሮ ስካፎይዱ የተጠረጠረ ሰው ገና ከመጀመሪያው ኤምአርአይ ቢነሳ እንዲታሰብበት መክሯል።

ቸል ማለትም አያዋጣም። ለስካፎይድ ደም በአብዛኛው የሚገባው በጣቶች በኩል ካለው ጫፍ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ክንድ በኩል ወዳለው ጫፍ ይመለሳል። አጥንቱ ወገቡ ላይ ወይም ከዚያ ወደ ክንድ ቀረብ ብሎ ሲሰበር የኋለኛው ቁራጭ ደም ሊቋረጥበትና ሊሞት ይችላል። «ወለምታ ነው» ብሎ ለወጌሻ እጅ መስጠት እዚህ ላይ ነው የሚያስከፍለው፤ ማሸት ያልተዛነፈውን ሊያዛንፍ ይችላል፣ አጥብቆ መጠፈር ደግሞ የጣቶቹን ደም ያግዳል።

ወደ አገልግሎቱ እንምጣ። ከማሽኑ ጉልበት በፊት የሚጠየቀው «የእጅ አንጓ ኮይል አላችሁ?» ተብሎ ነው። ኮይሉ እጅ ላይ ገጥሞ ምልክቱን የሚቀበለው ዕቃ ነው፤ ለጉልበት በተሠራ ሰፊ ኮይል የተነሳ ምስል ሻካራ ይሆናል፣ ስካፎይድ ደግሞ ትንሽ አጥንት ናት። ምስሉ ላይ የሚያዘው ስፋት ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር፣ ምስሉ የሚከፋፈልበት የእያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረት 2 ሚሊሜትር ገደማ፣ ቢበዛ 3 ቢሆን ይመረጣል። 1.5 ቴስላ (የማሽኑ ማግኔት ጉልበት የሚለካበት) ከበቂ በላይ ነው። ከ0.2 እስከ 0.4 ቴስላ የሆኑት ክፍት ማሽኖች ጠባብ ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰው ይመቻሉ፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፣ የምስሉ ቁራጭም ይወፍራል።

አተኛኘቱ ብዙ ምርመራ ያበላሻል። በሆድ ተኝቶ እጅን ከራስ በላይ መዘርጋት አንጓውን ማሽኑ መሀል ላይ ስለሚያደርገው ምስሉ ይጠራል፤ ትከሻው የሚያመው ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ መነቃነቅ ይጀምራል። በጀርባ ተኝቶ እጅን በጎን ማድረግ ይመቻል፤ ያን ጊዜ አንጓው ከመሀል ይርቅና የተለመደው የስብ ማጥፊያ ዘዴ ይከሽፋል። ሳይጠፋ የቀረው ስብ ያበራል፤ ያልለመደ ዓይን እብጠት ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። እዚህ ላይ ስቲር ወይም ዲክሰን የተባሉት አነሳሶች ይመረጣሉ። ዋናው ነገር ጣቶቹ ዙሪያ ስፖንጅ መጠቅጠቅ ነው፤ አንዱ አነሳስ ብቻውን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል በመሀል አውራ ጣት ከተንቀሳቀሰ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል።

ለስብራት ጥያቄ ብቻ ሁለት አነሳስ ይበቃል፦ ከፊት ለፊት የተነሳ ቲ1 እና ስቲር። ቲ1 ላይ የጤነኛ አጥንት መቅን ስብ ስለሆነ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ስብራቱ ጥቁር ክር ሆኖ ያቋርጠዋል። ስቲር ስቡን ያጠፋዋል፤ አጥንቱ ይጠቁርና ፈሳሽ የቋጠረው ቦታ ያበራል። ሁለቱም ላይ ከታየ ስብራት ነው። ስቲር ላይ አብርቶ ቲ1 ላይ ክር ከሌለ የአጥንት መቀጥቀጥ ነው፤ ይህን «ስብራት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፣ ሰውዬውንም ያለአግባብ ለወራት ጀሶ ሊያሳስረው ይችላል። በሁለቱ ብቻ ግን ስለ ጅማቶች ሙሉ መልስ አይጠበቅም።

ለአዲስ ስብራት በደም ሥር የሚሰጥ ጋዶሊኒየም (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) አያስፈልግም፤ አስከፍለው ከጨመሩበት ምክንያቱ ይጠየቅ። ቦታ የሚኖረው ስብራቱ ሳይገጥም ሲቀርና ወደ ክንድ በኩል ያለው የአጥንቱ ቁራጭ ሕይወት ሲጠረጠር ነው።

ጀሶ ራሱ ማግኔት አይፈራም፤ ኮይሉ ውስጥ ግን አይገባም። ስለዚህ እስከ ምርመራው ድረስ በሚወልቅ ድጋፍ መቆየት ይሻላል። የድጋፉ አሉሚኒየም ምስሉን ስለሚያበላሽ ሲገባ ይወልቃል። ቀለበት እጁ ሳያብጥ ገና በወደቀበት ሰዓት ይውጣ፤ በብረት የታሸገ ክታብም እንደዚሁ። ልብ ላይ ማሽን ያለው ሰው፣ እንዲሁም ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ገብቶ የሚያውቅ በያጅ ገና ቀጠሮ ሲይዝ ይናገር።

የሐኪሙ ማዘዣ «የእጅ ሕመም» ብቻ ካለ ሪፖርቱም እንደዚያው ጥቅል ይሆናል። «በመዳፉ ወድቋል፣ ስካፎይድ ላይ ሲጫን ያመዋል፣ የዚህ ቀን ራጅ ንጹሕ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ጥሩ ሪፖርት ስብራቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ማቋረጡንና መዛነፉን ይናገራል፤ በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት፣ የራዲየስን ጫፍም ያያል፣ ራጅ ያለፈው ስብራት እዚያ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ከፊልሙ ጋር ሲዲውንም ይቀበሉ፤ ክሯን አጉልቶ ማየት የሚቻለው በእሱ ነው።

ኤምአርአይ ከሌለ ወይም ወረፋው ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ አንጓውን አስሮ በ10ኛው እና በ14ኛው ቀን መካከል ራጅ መድገም አሁንም ይሠራል። ለስካፎይድ ተብሎ፣ እጁ ወደ ትንሿ ጣት ዞር ብሎ የሚነሳው ይካተት። ጀሶው መጀመሪያ ይፈታ፤ በላዩ የተነሳ ራጅ ክሯን ይሸፍናታል።