በቡታጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ለሸዋ ሮቢት ይሆናል?

መብራት ለሚጠፋበት ሱቅ ፍሪጅ የምታፈላልጉ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት፣ በደሴ መንገድ ዳር ለስላሳና አምቦ ውሃ እሸጣለሁ። የያዝኩት በቡታጋዝም በመብራትም የሚሠራውን ነው። ሞተር የለውም፤ ድምፁም አይሰማ። ይሄን ወድጄለታለሁ።

ጀርባው ግን ይፋጃል። አንድ የአውቶቡስ ረዳት አምቦ ሊያወጣ ገብቶ «እትዬ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው ምድጃ?» ብሎኛል። ብልሽት አይደለም። ውስጡ ያለው አሞኒያና ውሃ ነው። እሳቱ አሞኒያውን ከውሃው ያስለቅቀዋል፤ ጋዙ ላይ ወጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ ዳግም ሲተን የሣጥኑን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ታች ባለው ጥምዝምዝ ቱቦ ውሃው ጋዙን መልሶ ይጠጣዋል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፦ አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይወጣዋል። ያ ሙቀት መውጫ ካጣ ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ጋዝ አይዝም። ፀሐይ የመታው ለስላሳ ሲከፈት ልብስ የሚያበላሸውም በዚሁ ነው። በተራ የአየር ግፊት አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 3.3 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ግን ግማሹን ብቻ።

ስለዚህ በግንቦት ቀትር፣ አየሩ ራሱ ሲግል፣ ጠርሙሱ ለብ ከማለት አያልፍም። ሌሊት ግን ጥርስ ያማል። እህቴ ደብረ ሲና ተመሳሳዩን ይዛ ቀኑን ሙሉ ታቀዘቅዝበታለች። ይህን ዓይነት ፍሪጅ በ1922 እ.ኤ.አ. የሠሩት ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው፤ የኛን ግንቦት የት ያውቁታል!

ሻጩ «ግድግዳ ላይ አስጠጊው፣ ቦታ አይፈጅም» ብሎኝ ነበር። አትስሙ። ጀርባው ይተንፍስ፤ መብራት ሲኖር ትንሽ ቬንትሌተር ከኋላው ብታቆሙ ለውጡ ይታያል። ወለሉንም በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ካዘነበለ ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ በወጉ አይወርድምና ማቀዝቀዙን ያቆማል። የነገውን ሸቀጥ ማታ አስገቡ፤ ቶሎ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ አይደለም።

ለደብረ ሲና ሰው ያለ ማመንታት ግዙ እላለሁ። እዚህ ቆላ ለለስላሳ ይበቃል፤ መድኃኒት ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ግን ውስጡ ቴርሞሜትር ሳትሰቅሉ አትመኑት። ዋጋው ከተራው ፍሪጅ ይወደዳል፤ ቡታጋዙም ሲያልቅ የሚሞላበት ቦታ አስቀድማችሁ ጠይቁ።