የባሕር ወለል ማዕድን በሳጥን፦ የሰልፋይድ ናሙናዎች ግምገማ

በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ የሚገኘውን የሰልፋይድ (ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሃደበት ማዕድን) ክምችት ለሥነ ምድር ተማሪዎች በእጃቸው አስይዤ ለማስረዳት ስል፣ ስምንት ናሙናዎች ያሉት የእንጨት ሳጥን ከአንድ የውጭ አገር ሻጭ አዝዤ ለአንድ ዓመት ያህል ተጠቀምኩበት።

ይበልጥ የወደድኩት አደራደሩን ነው። ድንጋዮቹ የተቀመጡት በክምችቱ ውስጥ በነበራቸው ቦታ፣ ከታች ወደ ላይ ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቆች ሰርጎ በቅልጥ አለት ሙቀት ሲግል ከአለቱ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ አሟሙቶ ይወጣል፤ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚደርሰው ይህ ፈሳሽ ከቀዝቃዛው የባሕር ውሃ ጋር ሲገናኝ የተሸከመውን ያራግፋል። በ1979 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ተመራማሪዎች ያዩዋቸው ጥቁር ጭስ መሳይ ምንጮች ይህንኑ ሥራ እየሠሩ ነበር። ስለዚህ መዳብ ያለበት ካልኮፒራይት በሞቃቱ እምብርት፣ ዚንክ ያለበት ስፋለራይትና እርሳስ ያለበት ጋሌና ደግሞ ቀዝቀዝ ባለው ላይኛው ክፍልና ጠርዝ ይበዛሉ፤ ሳጥኑም ይህን በግልጽ ያሳያል።

የናሙናዎቹ ጥራት ጥሩ ነው። ተማሪ በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ሲያደርግ ካልኮፒራይቱ ይጫራል፣ የብረት ሰልፋይድ የሆነው ፒራይት ግን አይበገርም፤ ጋሌናውን ያነሳ ሁሉ በክብደቱ ይደነቃል።

ሁለት ጉድለቶች አሉበት። ከክምችቱ ሥር ያለው፣ ትኩሱ ፈሳሽ ሲያልፍበት ክሎራይት ወደሚባል አረንጓዴ ማዕድን የተለወጠው አለት የለም። ማዕድን ፈላጊ ወደ ክምችቱ የሚያመራውን መንገድ የሚያነብበት አለት ስለሆነ፣ ይህ መቅረቱ በእጅጉ አሳዝኖኛል። ሁለተኛው የማሸጊያው ነገር ነው፤ በክረምቱ እርጥበት ፒራይቱ ነጣ ያለ ዱቄት አወጣ፣ የፈጠረውም አሲድ መለያ ወረቀቱን በላው። እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሊገባበት ይገባ ነበር።

የላይኛው ረድፍ የያዘው ጎሳን ነው፤ ሰልፋይዱ በአየርና በውሃ ሲበሰብስ የሚቀረው ዝገት መሳይ ቀይ ቆብ። በዚህ ድንጋይ የኤርትራውን የቢሻ ማዕድን አስረዳለሁ፤ በዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. ወርቅ ከዚህ ቆብ መመረት ጀመረ፣ በ2013 ከሥሩ መዳብ፣ በ2016 ደግሞ ዚንክ ተከተለ። በትግራይ የሚገኘው ተራክምቲም የዚሁ ዓይነት ክምችት ስለሆነ፣ ተማሪዎቼ ቀዩን ድንጋይ ሲይዙ ጥያቄያቸው ወዲያው ወደ አገራቸው ኮረብታዎች ይዞራል።