ፋሚሊ ሊንክ በእኛ ቤት፦ 8 ወር ተጠቅሜበት

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ሆስፒታል የማታ ፈረቃ እሠራለሁ፤ የ9 ዓመት ልጄን ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ትይዝልኛለች። ጠዋት ስገባ ታብሌቱን ትራሱ ሥር እንደጋለ አገኘው ነበር። ልጁ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቁርሱን ሳይነካ ይወጣል። እናቴን "ለምን አትቀሚውም?" ስላት፣ "የቤት ሥራ ነው ይለኛል፤ እኔ እንግሊዝኛውን የት አውቄው ልጄ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ፋሚሊ ሊንክን የጫንኩት የዚያን ዕለት ነው።

መተግበሪያው የጉግል ነው፤ ክፍያ የለውም። በእናንተ ስልክ ሆናችሁ የልጁን አንድሮይድ ታብሌት ወይም ስልክ ትቆጣጠራላችሁ። የእናንተ አይፎን ቢሆንም ችግር የለም። ልጁ የያዘው አይፓድ ከሆነ ግን ሰዓቱን አይገድብላችሁም፤ ለዚያ አፕል የራሱ አለው።

የመጀመሪያው ማታ ግን አልተሳካልንም። ለእናቴ "8 ሰዓት ላይ ይዘጋል" ብያት ነበር የወጣሁት። ለእሷ 8 ሰዓት ማለት ውድቅት ሌሊት ነው። ገና እራት ሳይነሳ ታብሌቱ ሲቆለፍ የተበላሸ መስሏት ሥራ ቦታ ደወለች፤ ልጁ ከኋላ ሲያለቅስ ይሰማኛል። በማግስቱ በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት፦ "ታብሌት ከምሽቱ 2 ሰዓት ይተኛል።" አያት የምታሳድግላችሁ ካላችሁ ይህችን ወረቀት አትርሱ።

ከሁሉ የወደድኩት መቆለፉን አይደለም። ልጁ አዲስ ነገር ማውረድ ሲፈልግ ጥያቄው እኔ ስልክ ላይ ይመጣል። አንድ ማታ ለእረፍት ቁጭ እንዳልኩ ክፍላቸው ውስጥ ሁሉም የሚጫወተውን ጨዋታ ጠየቀኝ። አልፈቀድኩም፣ አልከለከልኩምም። ቅዳሜ አብረን ከፈትነውና "እዚህ ውስጥ ማን ሊጽፍልህ ይችላል?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ማንም ሰው ይችላል" አለኝ። ቻቱን እሱ ራሱ በጣቱ ዘጋው፣ ከዚያ ፈቀድኩለት። በፊት እንዲህ ያለ ወሬ ከልጄ ጋር አውርተን አናውቅም።

ዩቲዩብን በተመለከተ ወይ ዩቲዩብ ኪድስ ወይ በወላጅ ክትትል የሚከፈተውን መምረጥ ይቻላል። ሁለተኛው ሦስት ደረጃ አለው፤ እኔ ከ9 ዓመት ጀምሮ ላሉት የተዘጋጀውን ዝቅተኛውን ነው ያደረግኩት።

አሁን ፋሚሊ ሊንክ የማይችለውን ልንገራችሁ። የትኛው መተግበሪያ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያሳያችኋል እንጂ ስክሪኑን ራሱን አያሳያችሁም፤ የተጻፈለትን መልእክትም አያስነብባችሁም። ከትምህርት ቤት የሚሰጠው ላፕቶፕ፣ ክሮምቡክም፣ ከመተግበሪያው ቁጥጥር ውጪ ነው፤ የትምህርት ቤቱን አካውንት የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ወር፣ ልጄን ብርድ ልብስ ውስጥ በዚያው ኮምፒውተር ቪዲዮ ሲያይ ካገኘሁት በኋላ ነው። በጣም አዘንኩ፤ ግን አልጮህኩበትም። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ቻርጅ የሚደረገው ሳሎን፣ እናቴ ከምትቀመጥበት ሶፋ አጠገብ ነው።

ከስልካችሁ የቀየራችሁት ነገር የሚደርሰው ታብሌቱ ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ።

ልትጭኑት ካሰባችሁ ልጁ ተኝቶ ሳለ አትጫኑት። እኔ እንደዚያ አድርጌ ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል። በኋላ አጠገቤ አስቀምጬው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠቀም እንደ አዲስ ሞላነው፤ በትምህርት ቀን 1 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ 2 ሰዓት። እሱ 3 ብሎ ነበር የጀመረው፤ ተከራክረን ነው 2 ላይ የተስማማነው። አሁን ሊዘጋበት ሲል ቀድሞ "አያቴ፣ 10 ደቂቃ ቀረኝ" ይላታል፤ እሷም ወተቱን ልታሞቅለት ትነሳለች።