ኤዲቲንግ ላይ የውጭ ሞኒተር እምቢ ላላችሁ፦ ይህችን ባለሙያ አነጋግሩ

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ! ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጽፈውም፤ አድራሻዋን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። በፕሪሚየር ወይም በዳቪንቺ ሪዞልቭ (ሁለቱም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ናቸው) የምትሠሩ፣ ደንበኛ የሚያይበት ቲቪ ጥቁር ሆኖ የቀረባችሁ፣ ምስሉ የሚንገጫገጭባችሁ ወይም ድምፁ ከከንፈር ጋር አልገጥም ያላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ከእሷ በፊት ያየነው ጉድ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል። አንዱ ቤት ዕቃውን እንኳ በቅጡ ሳያይ «ተቃጥሏል» ብሎ መለሰው። ሌላው ግራፊክስ ካርድ ካልተቀየረ ወይ ፍንክች አለ። ሌላው ደግሞ ዊንዶውሱን ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነ፤ ፕለጊኑም ፕሪሴቱም አብሮ ጠፋ፣ ቲቪው እንደጠቆረ ቀረ፣ ሒሳቡ ግን አልቀረም። ስማቸውን አላነሳም። የሚያበሽቀው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አንዳቸውም «ሲኩዌንሱ በስንት ፍሬም ነው?» ብለው፣ ማለትም የምንሠራው ቪዲዮ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ፣ አልጠየቁም። የውጭ ሞኒተር እጠግናለሁ የሚል ሰው ይህን ካልጠየቀ ምኑን ሊጠግን እንደሆነ እንጃ።

እሷ የጀመረችው ከገመዱ ነው። ምስሉን ከኮምፒውተሩ ወደ ቲቪው የምታወጣው ዕቃ አልትራስቱዲዮ ሞኒተር 3ጂ የምትባለው ትንሽ ሣጥን ናት፤ የምትሠራው በተንደርቦልት 3 ነው። መሰኪያዋ ከተራው ዩኤስቢ ሲ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የስልክ ቻርጀር ገመድም ይገባላታል። መግባቱን ይገባል፣ መረጃ ግን አያሳልፍላትም። ገመዱን ነቀለችው፣ ጫፉን ወደ መብራት አስጠግታ አገላብጣ አየችው፤ የመብረቅ ምልክት የለውም። ከቦርሳዋ የራሷን ተንደርቦልት ገመድ አውጥታ ሰካች፣ ዴስክቶፕ ቪዲዮ ሴትአፕ የሚባለውን የሣጥኑን ማስተካከያ ሶፍትዌር ከፈተች፣ «ተቃጥሏል» የተባለው ሣጥን ከነስሙ ብቅ አለ። በዚያች ደቂቃ አዲስ ሣጥን ግዙ ብትለን ዓይናችንን ሳናሽ እንገዛ ነበር። እሷ ግን ዕቃው ደህና መሆኑን ነግራን፣ ስትወጣ ገመዷን «እስክትገዙ ይቆያችሁ» ብላ ትታልን ሄደች። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ልብ በሉ፣ ገመዱ ብቻውን አይበቃም፤ የኮምፒውተሩም ቀዳዳ ተንደርቦልት መሆን አለበት። ማክ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የሣጥኑ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ከተጫነ በኋላ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ገብታችሁ ፍቃድ ስጡት፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንዲነሣ ከጠየቀም አጥፍታችሁ አስነሡት። ሴትአፑ ላይ የዕቃው ስም ካልታየ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

ስሙ ከታየ በኋላ ወደ ፕሪሚየር። ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ፕሌይባክ፤ ምስሉን ወደ ውጭ ማሳያ የሚልከው ኢኔብል መርኩሪ ትራንስሚት ምልክት ይደረግበታል፣ ከሥሩ በቪዲዮ ዲቫይስ ዝርዝር ውስጥ የሣጥኑ መስመር ይመረጣል። ፕሮግራም ሞኒተሩ (ሲኩዌንሱ የሚታይበት የፕሪሚየር መስኮት) ላይ ባለችው የመፍቻ ምልክት ውስጥም ኢኔብል ትራንስሚት መብራቱ ይታያል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እነዚያ ሁሉ ጠጋኞችም ያላሰቡት፣ ሣጥኑን ሁለት ሶፍትዌር ባንድ ጊዜ ሊይዘው አለመቻሉን ነው። ሪዞልቭ ከኋላ ተከፍቶ ሣጥኑን ይዞት ከተቀመጠ ፕሪሚየር ምንም ቢታዘዝ ቲቪው ጥቁር ነው። መድኃኒቱ በሁለቱም ወገን አለ፦ ፕሪሚየር ላይ በዚያው የፕሌይባክ ገጽ ዲሴብል ቪዲዮ አውትፑት ዌን ኢን ዘ ባክግራውንድ የሚለውን ማብራት፤ ሪዞልቭ ላይ በፕሪፈረንስስ ውስጥ ቪዲዮ ኤንድ ኦዲዮ አይኦ ገብቶ፣ ፊት ለፊት ባልሆነ ጊዜ ዕቃውን እንዲለቅ የሚያዘውን ምልክት ማብራት። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘሉ ምስሉ ይከተላችኋል። ሪዞልቭ የምትጠቀሙ በፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ማስተር ሴቲንግስ ውስጥ ቪዲዮ ሞኒተሪንግ የሚለውንም እዩት። ሣጥኗ የምታወጣው እስከ 1080ፒ 60 ብቻ ስለሆነ ታይምላይኑ (ሪዞልቭ ላይ ሲኩዌንሱ ማለት ነው) 4ኬ በ25 ፍሬም ቢሆን እንኳ ሞኒተሪንጉ ኤችዲ 1080ፒ 25 ላይ ይቀመጥ፤ ሪዞልቭ ራሱ አሳንሶ ይልከዋል።

አሁን ከልብ ወዳደነቅኩት ነገር ልምጣ። ሁለተኛው ቲቪያችን ምስሉን በሣጥኗ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ ኤችዲኤምአይ በቀጥታ የሚቀበል ነው፤ እሱ ላይ ካሜራው በዞረ ቁጥር ምስሉ ይንገጫገጫል። ሁሉም ሰው ቲቪው ላይ ሲያፈጥ እሷ ጀርባዋን ለቲቪው ሰጥታ ፕሮግራም ሞኒተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ነጥብ ታያለች። ከመፍቻው ምልክት ውስጥ ድሮፕድ ፍሬም ኢንዲኬተር የሚባለውን አብርታ ነበር። ኮምፒውተሩ ፍሬም ሲጥል ነጥቧ ወደ ቢጫ ትለወጣለች፤ ካልጣለ አረንጓዴ እንደሆነች ትቆያለች። አጫወተችው፤ አረንጓዴ ናት። «ኮምፒውተራችሁ ንጹሕ ነው፣ ራም አትግዙ» አለች። ራም ግዙ ተብለን እንደነበር ማን ነገራት!

ጥፋቱ ሒሳብ ነው። ሲኩዌንሱ 25 ፍሬም፣ ቲቪው ደግሞ በ60 ሄርዝ ይታደሳል። 60 ለ25 እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ ከአምስት ፍሬም ሦስቱ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይታያሉ፤ ያ አለመስተካከል ነው ዓይን ላይ የሚንገጫገጨው። ከዊንዶውስ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ላይ ቲቪውን ወደ 50 ሄርዝ አወረደችው፤ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ጊዜ ታየ፣ ምስሉም እንደ ቅቤ ለሰለሰ። እንዲህ በቀጥታ ለምታወጡ፦ ዊንዶውስና ፒ ተጭናችሁ ኤክስቴንድ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዱፕሊኬት ላይ ከሆነ ቲቪው ራሱን የቻለ ማሳያ ሆኖ አይቆጠርም። በ24 ፍሬም የምትሠሩም 60 ሄርዝ ላይ ያው ችግር ነው፤ ቲቪው 24 ከተቀበለ ወደዚያ ቀይሩት። ቲቪው ራሱ በፍሬሞች መሃል የፈጠራ ፍሬም የሚጨምርበትን የእንቅስቃሴ ማለስለሻም አጥፉት። ደንበኛ «ይሄ ነገር የቴሌቪዥን ድራማ መሰለ» የሚለው በዚያ ምክንያት ነው፤ የኤዲተር ጥፋት አይደለም።

ድምፁ የቀለለ ነበር። ምስሉ ወደ ቲቪው፣ ድምፁ ወደ ጠረጴዛው ስፒከር ሲሄድ ቲቪው ምስሉን እያሳመረ ይዘገያል። መጀመሪያ ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ አደረገችው፤ መዘግየቱ አብዛኛው ጠፋ። የተረፈውን ለማወቅ አንድ ነጭ ፍሬምና አንድ ቢፕ አንድ ቦታ ላይ ገጥማ አጫወተች። በ25 ፍሬም አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ የሁለት ፍሬም ልዩነት ካለ 80 ማለት ነው። ልዩነቱ የሚሞላበት፣ በፕሪሚየር ፕሌይባክ ገጽ ላይ ያለው ኦፍሴትም በሚሊሰከንድ ነው። ድምፁን በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪው መላክ የሚበቃው ሰው ይህም አያስፈልገው።

የቀለሙን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ምስሉ የታጠበ ከመሰለ፣ ላኪው ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን ልክ ከ16 እስከ 235 እየላከ ቲቪው ከ0 እስከ 255 እየጠበቀ ነው። ጥላው ሁሉ ከተዋጠና ጥቁር ፀጉር አንድ ወጥ ጥቁር ከሆነ የተገላቢጦሹ ነው። ቲቪው ላይ ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል ወይም አርጂቢ ሬንጅ የሚል ምርጫ አለ፤ ሁለቱ ወገን አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ይህ ሳይስተካከል ከለር ግሬዲንግ (የቪዲዮ ቀለም ማስተካከል) ላይ ያደረ ሰው ሥራውን በስህተት ነው ያቀለመው። እነዚያ ቤቶች ግን «ቲቪው አርጅቷል» ነበር ያሉን!

ደግሜ እላለሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን አነጋግሩ። ትዕግሥተኛ ናት፤ የምትነካውን ሁሉ ለምን እንደነካችው ታስረዳለች፣ የእኛ ረዳት ኤዲተር ራሱ አጥፍቶ ራሱ እስኪያስተካክል ድረስም አልተነሣችም። የማታውቀው ዕቃ ሲገጥማት አላውቀውም ትላለች፤ ይህን ማለት የማይችል ሙያተኛ ስንት ሰው አክስሯል!

ለመደወል ያሰባችሁ፣ የሶፍትዌሩንና የዴስክቶፕ ቪዲዮ ድራይቨሩን የቨርዥን ቁጥር፣ የሲኩዌንሱን መጠንና ፍሬም ሬት፣ የቲቪውን ሞዴል አስቀድማችሁ ጻፉ። 4ኬ 60 የምታወጡ ደግሞ የኤችዲኤምአይ ገመዱ 18 ጊጋቢት መቻሉን እዩ፤ ምስሉ በየመሃሉ ለአፍታ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ ወደ 1080 አውርዳችሁ ሞክሩት። በ1080 ከረጋ፣ ከመደወላችሁ በፊት አጠር ያለ ገመድ ቀይራችሁ እዩ።