ቫጋኖቫ ወይስ ቼኬቲ? ለጀማሪ የባሌት መምህር

ዳንሰኛ ወደ ማስተማር ሲዞር የሚመርጠው የባሌት ማስተማሪያ ሥርዓት የዕለት ሥራውን ይወስናል።

በጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼኬቲ ሥርዓት ለየዕለቱ የተወሰነ ልምምድ አለ። መምህሩ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ስለሚይዝ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ተማሪው ላይ ያሳርፋል። ለአዲስ መምህር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ተማሪውም ልምምዱን መሸምደዱ ነው፤ ሳያስብ መድገም ይጀምራል።

በሩሲያዊቷ አግሪፒና ቫጋኖቫ ሥርዓት መርሐ ግብሩ በ8 ዓመት ተከፋፍሏል፤ የዕለቱን ትምህርት የሚያቀናብረው ግን መምህሩ ነው። ከባዱ ሥራ እዚህ ላይ ነው። መሐል ወለል ላይ ከፍ ያለ ዝላይ ካሰበ፣ ተማሪዎቹ ባሩን (የልምምድ መደገፊያ እንጨቱን) ይዘው ሳሉ በፕሊዬ (ጉልበት በማጠፍ)፣ በታንዱ (እግርን መሬት ላይ አንሸራትቶ በመዘርጋት) እና በዠቴ (እግርን በፍጥነት ከመሬት በመወርወር) ቁርጭምጭሚትን አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። መምህሩ ያንን ዝግጅት ከተወ ተማሪው ከዝላዩ ሲመለስ ተረከዙን መሬት ሳያስነካ ሊያርፍ፣ ጅማቱም ሊጎዳ ይችላል። ልምምዱን ከሙዚቃ ጋር የሚያገጥመውም ራሱ ስለሆነ፣ ሙዚቃ መቁጠርን በደንብ ያልተማረ መምህር ይህን መንገድ ባይጀምር ይሻላል።

የአራቤስክ (በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ወደ ኋላ የመዘርጋት አቋም) ቁጥርም ይለያያል፦ ቼኬቲ 5፣ ቫጋኖቫ 4። በቼኬቲ ሦስተኛው አራቤስክ ሁለቱም ክንዶች ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ በቫጋኖቫ አንዱ ብቻ። ከሌላ ሥርዓት ለመጣ ተማሪ ቁጥሩን ከመጥራት በፊት አቋሙን በሰውነት ማሳየት ያስፈልጋል።

ዳንሰኛን ለመድረክ ማዘጋጀት ለሚሻ ቫጋኖቫን እመርጣለሁ፤ ማስተማርን ገና ለሚጀምር ቼኬቲ ይቀላል።