የቆርቆሮ ምድጃ ወይስ ላቀች?

ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳር ሌሊቷ ይበርዳል። ቤታችን ሁለቱም ዓይነት የከሰል ምድጃ አለ። የቆርቆሮው ቶሎ ይግላል፣ ቡና ለማፍላት ለቸኮለ ሰው ይመቻል። ግን ስስ ብረት ሙቀት አይዝም፤ በጎንና በታች ይበትነዋል፣ ፍሙ ሲከስም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ላቀች ውስጡ ሸክላ ነው። መጀመሪያ ራሱን እስኪያሞቅ ያስጠብቃል፤ ከዚያ ሙቀቱን ወደ ፍሙና ወደ ድስቱ ስለሚመልስ ከሰል ሩብ ያህል ይቆጥባል። እናቴ ጀበናውን አውርዳ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ እንኳ፣ እጃችንን የምናሞቀው እሱ ላይ ነው። እኔ ላቀችን እመርጣለሁ።

በሁለቱም ቢሆን በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ላቀቹ እንደጋለ ውኃ አታፍስሱበት፣ ሸክላው ይሰነጠቃል።